ሰባተኛው መደብ፣ አምስተኛው ካስማ

ጁን 3፣ ሰኞ

ሰባተኛው መደብ ዛሬ ለተከላ ተከፈተ። አርባ አንድ ሴቶች ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ታጥቀው፣ ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ዛፍ ችግኝ በሳፋ ተሸክመው፣ ውሃው እንደሸሸ ጭቃው ውስጥ ገቡ። ከፊት አክስቴ ለኪያ ነበረች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጭቃ ላይ ግን እኔን ትቀድመኛለች። የመጀመሪያውን ችግኝ ተክላ ቀና አለችና፣ «እናቴ እዚህ ጋ ነበር ቀንድ አውጣ የምትለቅመው። በአንድ ጠዋት ሁለት ሳፋ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀበሏት።

ሌሎቹን ስድስት መደቦች ሲተክሉ እንዲህ አልሆኑም ነበር። ሰባተኛው የመንደራችን የኒዋቤ ጓዳ ነው። የነዳጅ ቧንቧው ፈንድቶ ድፍድፉ ወሽመጡን ከሞላው ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማንም እግሩን አላስገባበትም።

የወንድሜ ሚስት ባሪኔም አብራቸው ገብታለች። የአምስት ወር እርጉዝ ናት። ወንድሜ ቶርኑ ከትልቁ መርከብ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ርቆ ስለሄደ እስከ ሴፕቴምበር አይመለስም። ስትሰናበተው «እህትህ አለችልኝ» ስትለው ሰምቻታለሁ።

የጽዳቱን ሥራ የያዘው ድርጅት ኃላፊ ኢንጂነር ኢቢፉሮ ከጀልባው ላይ እጁን አነሳልኝ። «ዱምሌ! ሰባት አለቀ!» አለኝ። ፈገግ አልኩ።

ናሙና ወሳጇ እኔ ነኝ። በየመደቡ አምስት ካስማ ተተክሏል፤ ከየካስማው ሥር ጭቃውን በብረት እወጋለሁ፣ በብልቃጥ አድርጌ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ። ላቦራቶሪው የላኩለትን ይመረምራል። ሰባተኛው ንፁህ ነው ብሏል። ከሥሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ናሙና በወሰድኩ ቀን አምስተኛው ካስማ ጋ ውሃው ቶሎ ሞልቶብን ነበር። ይህን ለማስታወሻ ያህል ልጻፈው።

ጁን 7፣ ዓርብ

ዝናብ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ። እስከ ሦስተኛው ካስማ ደርሰዋል። ባሪኔ ስትስቅ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ሰኞ ወይ ማክሰኞ አምስተኛው ጋ ይደርሳሉ። ዝናቡ ቢበረታ ምናልባት ይዘገዩ ነበር። ዝናቡ አይበረታም።

ጁን 12፣ ረቡዕ

ዛሬ አምስተኛው ዙሪያ ናቸው። እኔ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሥራ ፈጥሬ ቀረሁ። የተቆጠረውን ችግኝ መልሼ ቆጠርኩ።

እኩለ ቀን ላይ አክስቴ ለኪያ መጣች። ሁለት ጣቶቿን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና፣

«አሽቺው እስቲ» አለችኝ።

«ጭቃ ነው አክስቴ።»

«ጭቃማ ጭቃ ነው። ጭቃው ውስጥ ያለውን ነው ያልኩሽ።»

«ከጀልባ ሞተር የሚንጠባጠብ ይሆናል። ውሃው ነው የሚያመጣው።»

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጋ፣ «አንቺ ከመረመርሽው እኔ ምን አውቃለሁ! ያረጀ አፍንጫ!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ምነው ባትስቅ ኖሮ።

ድፍድፉ ሊመጣ ሲል፣ ሸርጣኖች ከውሃው ሸሽተው ዛፍ ላይ ሲወጡ አይታ ለሰው ሁሉ የተናገረችው እሷ ነበረች። «ሴትዮዋ ለየላት» ብለው ሳቁባት። በነጋታው ወሽመጡ ጠቁሮ አደረ። ይህን የማያውቅ የመንደሩ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ።

ጁን 14፣ ዓርብ

ሳሮ የሥራ ጀልባችን ነጂ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ዛሬ ስንመለስ መሃል ላይ ሞተሩን አጠፋና ጀልባዋን ለውሃው ለቀቃት።

«ማዳም፣ ሴቶቹ አምስተኛው ጋ ደረሱ።»

«አውቃለሁ።»

«የወንድምሽ ሚስትም እዚያው ናት።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ፣ ሳሮ።»

«እሺ። ካወቅሽ እሺ።» ሞተሩን አስነሳ።

ያን ቀን ጀልባዋን ይዞ የጠበቀኝ እሱ ነው። ምን እንዳየ ጠይቄው አላውቅም። ሲጋራ እያጨሰ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነበር መሰለኝ። አዙሮ ነበር።

ጁን 19፣ ረቡዕ

አራት ሴቶች እግራቸው ላይ ሽፍታ ወጣ። ቀይ ነው፣ ያቃጥላል። አንዷ ባሪኔ ናት። «ዝናብ ሲሆን ድሮም ያሳክከኛል» ትላለች። የክሊኒኳ ነርስ ቅባት ሰጥታ መለሰቻቸው።

ኢንጂነሩ ቢሮ ሄጄ ለሴቶቹ ቦት ጫማ እንዲታዘዝ ጠየቅኩ።

«ቦት ጫማ?» አለኝ። የያዘውን እስክሪብቶ አስቀመጠ። «ንፁህ ነው ብለሽ በፈረምሽበት መሬት ላይ አርባ አንድ ቦት ጫማ ላኩልኝ ብዬ ብጽፍ ዋናው ቢሮ ምን ይለኛል? እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

«ለጥንቃቄ ያህል ነው ኢንጂነር።»

«ከምን?»

እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ሻይ አስመጣልኝ፤ የልጆቹን ፎቶ አሳየኝ። ስወጣ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጫማውን ማሰሪያ እንደሚያስር ሰው አጎንብሼ ቆየሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ጁን 24፣ ሰኞ

አምስተኛው ዙሪያ ያሉት ችግኞች ቅጠላቸው ቢጫ መሆን ጀምሯል። ካስማውን ከብቦ የአንድ ጎጆ ስፋት ያህል። ከዚያ ወጣ ሲሉ ሌላው ሁሉ ለምለም ነው። «ጨው በዝቶበት ነው» አልኳቸው። ማንም አልተከራከረኝም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ፤ የነገርኳቸውን ያምናሉ።

ማታ ባሪኔን፣ «ከነገ ጀምሮ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ከእኔ ጋር ሥሪ። ጥላ አለው፤ ቁጭ ብለሽ አፈር መሙላት ነው» አልኳት።

«እንዴ! ሴቶቹ ምን ይሉኛል? የባሏ እህት አለቃ ስለሆነች ተንቀባረረች አይሉም?»

«ስላረገዝሽ ነዋ።»

«ሌሎች ሁለት እርጉዞች አሉ እኮ። እነሱንም ታወጫቸዋለሽ?»

አንድ ማንኪያ ገንፎ ጎረስኩ።

«ወይስ ጭቃው የሚጎዳው እኔን ብቻ ነው?» ስትል እየቀለደች ነበር። የካሳቫ ገንፎውን ከማንኪያው እየላሰች። እኔ ግን ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ።

ውሃው ሞልቶ ነበር። ያን ቀን። እስከ ወገቤ ደርሶ ነበር። እስከ ጉልበቴ በእርግጥ ደርሶ ነበር።

ጁን 30፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ ወደ ፊት ጠሩኝ። «ይህች ልጅ የመሬታችንን በሽታ መርምራ ድኗል ያለችን ናት!» አሉ። ጉባኤው ተነስቶ አጨበጨበ። አክስቴ ለኪያ አለቀሰች። ከኋላ በኩል በሩ ላይ ተደግፎ የቆመው ሳሮ ግን አላጨበጨበም።

ከዚያ ወጥቼ በአጥሩ ጀርባ ዞሬ እቤቴ ገባሁ። ለሰው ራስ ምታት ነው አልኩ።

ጁላይ 4፣ ሐሙስ

ኢንጂነሩ ጠራኝ። የጽዳቱን ሥራ ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል፤ ጁላይ 16። ዶክተር ሐፍሳት የሚሏት ሴት ናት። በየመደቡ አንድ ካስማ በዕጣ አውጥታ እንደገና ትወጋለች። ከአምስት አንድ።

በሩን ዘጋው።

«በዚያ ቀን ውሃው መቼ ነው የሚሸሸው?»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ስድስት ሰዓት ሲሆን መሃሉ ይሞላል።»

«እንግዲያው ስድስት ሰዓት ላይ አምጫት። መጀመሪያ ሌሎቹን መደቦች ታይ፣ ምሳ ትብላ። ሰባተኛውን ከዳር ከዳር ማየት ይበቃታል።»

«ለምን?» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«እኔ ምንም አላውቅም ዱምሌ። አንቺ የምታውቂውን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ሰባት ከወደቀ ሥራው በሙሉ ይቆማል። አርባ አንድ ሴቶች እቤታቸው ይገባሉ። ሰባት ካለፈ ደግሞ ስምንትና ዘጠኝ ይከፈታሉ፤ አንቺም ከተማ ላቦራቶሪው ውስጥ ትገቢያለሽ። ስምሽን ልኬያለሁ።»

ያውቃል። ከመቼ ጀምሮ?

ጁላይ 5፣ ዓርብ

አልበላሁም። አሥራ አንድ ቀን ቀረ።

ጁላይ 9፣ ማክሰኞ

ደረቀ የተባለውን ችግኝ ሊተኩ ገብተው ሳለ ባሪኔ አምስተኛው ካስማ አጠገብ ሰመጠች።

ድንገት ነው። ዝናቡ ጭቃውን አላልቶት ነበር። እስከ ጭኗ ገባች፣ ከዚያ እስከ ወገቧ። አክስቴ ለኪያ በሆዷ ተኝታ እጇን ያዘቻት፤ ሦስት ሆነን በብብቷ ጎተትናት። ስትወጣ ከወገቧ በታች ጥቁር ነበረች። እንደ ጭቃ ጥቁር አይደለም። ያብለጨልጫል፤ ይዝለገለጋል። የወጣችበት ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ ከላዩ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ተዘረጋ።

ሴቶቹ ሁሉ ያን ነገር ያውቁታል።

«ሌቦቹ ናቸው!» አለች አንዷ። «የኮርባ ሌቦች! ከቧንቧ ሰርቀው እያነጠሩ ትራፊውን እዚህ ይደፉብናል!»

«ገና ካጸዳነው መሬት ላይ!»

«ሌሊት ጀልባ ሲያልፍ ሰምቻለሁ ብዬ ነበር እኮ!»

ኮርባ ከወሽመጡ ማዶ ያለች መንደር ናት። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። እንድናገር ጠበቁኝ። እኔ ባሪኔን በጨርቅ እየጠረግኩ ነበር። መጥረጌን አላቆምኩም። ጨርቁ ሲጠቁር ሌላ ጨርቅ አነሳሁ።

ባሪኔ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። «ይሄ ነገር ወደ ውስጥ ይገባል እንዴ?» አለችኝ። ደጋግማ። «ወደ ውስጥ ይገባል እንዴ?»

ጁላይ 11፣ ሐሙስ

የመንደራችን ወጣቶች ኮርባ ሄዱ። ዴሌ የሚባል ታንኳ ጠራቢ አገኙ፤ ታንኳው ላይ አራት ባዶ በርሜል ነበረው። ለዝናብ ውሃ ነው ብሏል። ደበደቡት። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ለዝናብ ውሃ ነው። በእርግጠኝነት ለዝናብ ውሃ ነው።

ጁላይ 13፣ ቅዳሜ

ሳሮ እቤቴ መጣ። አልተቀመጠም።

«ዴሌ የእህቴ ባል ነው» አለኝ።

«አላወቅኩም ነበር።»

«አሁን አወቅሽ። በቀኝ እጁ ነው መጥረቢያ የሚይዘው። የተሰበረውም ቀኙ ነው።»

«ሳሮ፣ እኔ አልመታሁትም።»

«አልመታሽውም» አለ። «እኔም አልመታሁትም። ሁለታችንም እጃችንን አላነሳንም። ያን ቀን አንቺ ብረቱን ስታጥቢው እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከማዞሬ በፊት ግን አይቻለሁ። ያየሁትን እስከ ዛሬ ይዤ የኖርኩት አንቺን አምኜ መሰለሽ? ሥራዬን ፈርቼ ነው።»

«ውሃው ሞልቶ ነበር…»

«ውሃው ቁርጭምጭሚትሽ ጋ ነበር ማዳም።»

ሄደ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም።

ጁላይ 14፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቼ ይህን ደብተር ከፊት ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። በየገጹ ውሃ ይሞላል። የሞላው በደብተሬ ውስጥ ብቻ ነው።

እንደሆነው ልጻፈው።

ማርች 20 ቀን ጠዋት አምስተኛው ካስማ ሥር ወጋሁ። የክንድ ግማሽ ያህል ንፁህ ነበር። ክንድ ሙሉ ስደርስ ብረቱ ጥቁር ይዞ ወጣ፤ ይንጠባጠብ ነበር። የድርጅቱ ሰዎች ከላይ ያለውን ጠርገው አዲስ ጭቃ አልብሰውታል እንጂ ከሥር ያለውን አልነኩትም። ብረቱን በውሃ አጠብኩት። ጉድጓዱን በእግሬ ደፈንኩት። ወደ አራተኛው ካስማ ተመልሼ ሁለት ብልቃጥ ሞላሁ፤ በአንዱ ላይ አራት፣ በሌላው ላይ አምስት ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ እንኳ አልተበላሸም።

ውሸት ጻፊ ያለኝ ሰው የለም። ኢንጂነሩ በዚያ ጠዋት «ምርመራው በወሩ መጨረሻ ካላለቀ የተከላው ወቅት ያልፋል፣ ሴቶቹም ይቀራሉ» አለ እንጂ ሌላ አላለም። ለሴቶቹ ብዬ ነው ስል ቆይቻለሁ። ትንሽ እውነት አለው። ግን ጥሩ ዜና ይዤ የምገባ ሰው መሆን ፈልጌም ነው። አክስቴ ስታየኝ ደስ እንዲላት። እንዲጨበጨብልኝ።

የሚያስፈራኝን ልቁጠር ብዬ ነበር፤ ቆጥሬ አልጨርሰውም። መታሰር። የሴቶቹ ዓይን። የዴሌ ዘመዶች። ቶርኑ ሲመለስ። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ ማክሰኞ ዕለት ዕጣው አምስት ላይ ባይወጣ የሚሰማኝ ደስታ ነው። እንደሚሰማኝ አውቃለሁ።

ጁላይ 16፣ ማክሰኞ

በአሥራ ሁለት ሰዓት ሳሮን ቀሰቀስኩት። «አሁን እንሂድ» አልኩት። «ስድስት ሰዓት አይደል የተባለው?» አለኝ። «አሁን» አልኩት። ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ሞተሩን ተሸክሞ ወጣ።

ዶክተር ሐፍሳት ሌሎቹን መደቦች ለማየት ተዘጋጅታ ከማረፊያዋ ወጥታ እየጠበቀች ነበር፤ ቀጭን፣ ሻሽ ያሰረች፣ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ሴት። ኢንጂነሩን ማንም አልቀሰቀሰውም። ሰባተኛው መደብ ስንደርስ ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ራቁቱን ነበር። ሴቶቹ ከአምስተኛው ካስማ ርቀው ሥራ ጀምረዋል። ባሪኔ የለችም፤ ከሰመጠችበት ቀን ጀምሮ ተኝታለች።

ዶክተሯ ከቦርሳዋ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች አወጣች፤ አንዱን አክስቴ ለኪያ እንድታወጣ ጠየቀቻት።

ሁለት።

እንዳልኩት ሆነ። ደስ አለኝ። ከራሴ እስከ እግሬ እንደ ሞቀ ውሃ ወረደብኝ። ሁለተኛው ካስማ ተወጋ፤ ንፁህ ነበር። «ጥሩ ነው» ብላ ዶክተሯ መዝገቧን ከደነች። የኢንጂነሩ ጀልባ በፍጥነት ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል። ሳሮ ወደ እኔ አላየም፤ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር።

«ዶክተር» አልኩ። «አምስተኛውንም ይውጉት።»

«ዕጣው ሁለት ነው ያለው።»

«አምስተኛው ላይ ጭቃ አልወሰድኩም። ከአራተኛው ወስጄ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ነዳጅ እንዳለ አውቃለሁ።»

ብረቱን ሰጠችኝ፤ ራሴ እንድወጋው። ወጋሁት። ክንድ ሙሉ ላይ ጥቁር ወጣ።

አክስቴ ለኪያ መጥታ ብረቱን አየችው። ከዚያ እኔን።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ሽታው ምንድን ነው ብዬ እጄን ሳመጣልሽ፣ ታውቂ ነበር?»

«አዎ አክስቴ።»

«ባሪኔ ስትገባ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ሳፋዋን አነሳች። ወደ ዳር ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። የሰደበኝ የለም። ጭቃው ላይ እግራቸው ሲነቀል የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር፤ አርባ ሴቶች።

ኢንጂነሩ ሲደርስ ዶክተሯ እየጻፈች ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አሁን ማንን ጠቀምሽ?» አለኝ። ከዚያ ለእሷ በታላቅ ድምፅ፣ «እኔ ስለዚህ የማውቀው ነገር የለም!» አለ። «ማርች ላይ ምን አውቅ እንደነበር ከፈለጉ ይጠይቁኝ» አለ ሳሮ ከጀልባው ላይ። ማንም አልጠየቀውም፤ ዶክተሯ ግን ጻፈችው።

ጁላይ 18፣ ሐሙስ

ተባረርኩ። ሳሮም። ሥራው ለጊዜው ቆሟል። በሬ ላይ ጭቃ ተለጥፎ አደረ። አልጠረግኩትም።

ጁላይ 22፣ ሰኞ

ገበያ ላይ ዓሣ ሻጯ ገንዘቤን ተቀብላ ዓሣውን መሬት ላይ አስቀመጠችልኝ። «ልጄ ዩኒፎርም ሊገዛለት ነበር» አለችኝ። «ከሥር ያለው ከሥር ቢቀር ምን ነበረበት?» ከኋላዬ ሌላዋ፣ «አንቺ ደግሞ! እላዩ ላይ ልጅሽ ቢቆም ምን ትይ ነበር?» አለቻት። ትተውኝ እርስ በርስ ተጣሉ።

ባሪኔ አታናግረኝም። ከግድግዳው ወዲያ ስታስል፣ ስትገላበጥ እሰማለሁ። ስትነሳ እነሳለሁ፤ ደም አይታ እንደሆነ እፈራለሁ። መጠየቅ አልችልም።

ጁላይ 27፣ ቅዳሜ

ሳሮ ኮርባ ወሰደኝ። ዴሌ ክንዱ በእንጨት ታስሮ ያልተጨረሰ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ክንዴ ይድናል ብለውኛል» አለ። «ግን መንገድ ላይ ስሄድ 'በርሜሎቹስ?' ይሉኛል። የገዛ መንደሬ ሰዎች! አንቺ እኔ ጋ መጥተሽ ነገርሽኝ፤ እኔማ አለመስረቄን አውቃለሁ። ለእነሱ ነው መንገር።»

«እነግራለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

የታንኳ ማቆሚያው ላይ ሰው ከገበያ ይወርድ ነበር። ቆሜ ተናገርኩ። ሳሮ ከኋላዬ ቆመ። አንዳንዱ ሰማ፣ አንዳንዱ ሳይሰማ አለፈ። አንዲት አሮጊት፣ «ከፍ አድርጊው፣ እዚህ አይሰማም!» አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ከፍ አድርጌ ተናገርኩት።

ኦገስት 11፣ እሑድ

ደብዳቤ መጣ። ሰባተኛው መደብ እስከ ሁለት ክንድ ተቆፍሮ እንደገና ይጸዳል። ስድስቱም መደቦች አምስቱም ካስማ ላይ ይወጋሉ። ሥራውን ሌላ ድርጅት ይይዘዋል፤ ሴቶቹ ቦት ጫማ ተደርጎላቸው ይመለሳሉ። የኔን ጉዳይ ከተማ ያለው ቢሮ ያየዋል፤ ሴፕቴምበር ላይ ቅረቢ ተብያለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። የዳነ ነገር መኖሩ ፍርሃቴን አልቀነሰውም።

አክስቴ ለኪያ አጥሬ ጋ ቆማ ደብዳቤውን ራሷ አነበበችልኝ። አልገባችም። ስትጨርስ፣ «ዛሬም ተቆጥቼብሻለሁ» አለችኝ።

«አውቃለሁ አክስቴ።»

«ነገም እቆጣብሻለሁ። የሚበርድልኝ እንዳይመስልሽ።» ከቀሚሷ ጫፍ ውስጥ የተጠበሰ ሙዝ አውጥታ አጥሩ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ኦገስት 24፣ ቅዳሜ

ባሪኔ በሬን አንኳኳች። ሆዷ ገፍቷል፤ በሩን ይዛ ነው የገባችው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እንዳታለቅሺ፤ ካለቀስሽ እሄዳለሁ።»

«አላለቅስም።»

«ያኔ ስትፈርሚ ማርገዜን ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ነበር። ማርች ላይ እሷም በደንብ አላወቀችም። አይ ብዬ ማቆም እችል ነበር፤ እውነትም ነበር።

«ስፈርም አላውቅም ነበር» አልኳት። «ጭቃው ውስጥ ስትገቢ ግን አውቅ ነበር። በየቀኑ። አምስት ሳምንት ሙሉ።»

የምትመታኝ መሰለኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሁለት ቀን ሆነው» አለች። «ልጁ አይንቀሳቀስም። ወይ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ሰኞ ክሊኒክ አብረሽኝ ሂጂ። ብቻዬን ፈራሁ።»

«ለምን ሰኞ? አሁን እንሂድ!»

«ነርሷ ከተማ ሄዳለች፤ ሰኞ ነው የምትመለሰው። ጠይቄያለሁ። ሁሉንም ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

«ከአክስቴ ጋር ብትሄጂስ?»

«አክስቴ ደህና ነው ትለኛለች። ሊያረጋጉኝ ሲሉ ሁሉም ደህና ነው ይሉኛል። አንቺ አሁን የምትዋሺኝ አይመስለኝም።»

ኦገስት 26፣ ሰኞ

ሳሮ በውሰት ታንኳ ቀዝፎ ወሰደን። ሰባተኛው መደብ አጠገብ ስናልፍ የመቆፈሪያው ማሽን ቆሞ ነበር፤ የተቆለለው ጭቃ ጥቁር ነው። ባሪኔ ፊቷን አላዞረችም። አየችው።

ነርሷ አስተኛቻት። መስሚያውን ሆዷ ላይ አደረገች። በቀኝ፣ ከዚያ በግራ። ከዚያ ወደ ታች። እንደገና በቀኝ። ባሪኔ ጣቴን ስለያዘችው አጥንቴ ይጮህ ነበር። ጣሪያውን እያየች፣ «ምን ይላል ፊቷ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

አየሁ። «አላገኘችውም» አልኳት። «ገና እየፈለገች ነው።»

ነርሷ ዝም በሉ በሚል እጇን አነሳች። ወደ ጎኗ ዘወር አደረገቻት። ቆየች። ከዚያ ራሷን በትንሹ ትነቀንቅ ጀመር፤ እንደምትቆጥር።

«ይኸው» አለች። «ትንሽ ደከም ይላል። ግን አለ።»

«ደከም ይላል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማለት በየሳምንቱ ትመጫለሽ ማለት ነው። ሌላውን ሲወለድ እናያለን።»

ባሪኔ ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች። ስትነሳ ትከሻዬን ተደግፋ ነበር፤ እሱም ሌላ የምትደገፈው ስላልነበረ ነው።

በሩ ጋ ቆማ፣ «ሲወለድ አንቺ ነሽ መጀመሪያ የምታይው» አለችኝ። «ጣቱን፣ ዓይኑን፣ ሁሉንም። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አይተሽ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ» አልኳት።

«ያየሽውን» አለች።